አህያውን ፈርተን ዳውላውን

ባለፈው የፈተና ሰሞን በምኖርበት የመኝታ ሕንፃ የደረሰውን ነገር ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ወሬው ከካፌ እስከ ቤተ መጻሕፍት ሲዞር ሰንብቶ፣ አንዱ የጨመረበትን ሌላው እያባዛ፣ በመጨረሻ «በሕንፃው ውስጥ አንድ ሃከር ተያዘ» እስከ መባል ደርሷል። ሃከር አልተያዘም። የተያዘው አንድ ንጹሕ ሰው ነው። ከያዙትም አንዱ እኔ ነበርሁና፣ ነገሩን እንደ ሆነው አድርጌ ብነግራችሁ ዕዳዬን በከፊል የምከፍል ይመስለኛል።

አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ማታ ራቱን በልቶ ሲመለስ ከክፍል ጓደኛው በቴሌግራም መልእክት ይደርሰዋል። «ወንድሜ፣ በስሕተት የአንተን ስልክ ቁጥር አስገብቼ ኮድ ወደ አንተ መጥቷል፤ ቶሎ በልና ላክልኝ» ይላል። እሱም ጓደኛውን የሚያምን ሰው ነውና አምስቱን አኃዝ ሳያመነታ ላከ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በስሙ ለዘመዶቹ ሁሉ ልመና ተበተነ፤ «ታምሜ ሐኪም ቤት ገብቻለሁ፣ በዚህ የሒሳብ ቁጥር ብር ላኩልኝ» የሚል። አጎቱ ጠርጥረው ደወሉለት። እኅቱ ግን ዓረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች የምታስተምረው ናት፤ አሠሪዎቿ ሳይነቁ በድብቅ መደወል አልቻለችም። የወር ደመወዟን ላከች።

ይህ እንደ ተሰማ «ሃክ ተደረገ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ሰው በደነገጠ ጊዜ ጥፋተኛ ለማግኘት ይቸኩላል፤ እኛም ቸኮልን። በሦስተኛው ፎቅ የሚኖር፣ ሌሊት ሌሊት ላፕቶፑን ከፍቶ ጥቁር መስኮት ላይ ፊደል ሲለቅም የሚያድር አንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ነበር። ከቀልድም ይሁን ከቁም ነገር ስሙን ትተን «ሃከሩ» ስንለው ሁለት ዓመት ሆኖናል። ስድስት ሆነን በሩን አንኳኳን። ሎከሩን አስከፈትን። ስልኩን ነጥቀን የሚስጥር ቁጥሩን በግድ አስነገርነውና መልእክቱን አንድ በአንድ አነበብን። የእናቱን መልእክት፣ የእጮኛውን መልእክት፣ ለመምህሩ የጻፈውን ማመልከቻ አነበብን። ስለ ስርቆት አንድ ቃል አላገኘንም። እሱም ዝም ብሎ ሲያየን ቆይቶ «ጨረሳችሁ?» አለ። በሳምንቱ ሕንፃ ቀየረ።

አሁን የማወራው እጅግ የሚያሳፍረውን ነው። የቴሌግራም አሠራር እንደዚህ ነው፦ በአዲስ መሣሪያ የገባ ሰው፣ ቀድሞ የገቡትን መሣሪያዎች ወዲያውኑ ማስወጣት አይፈቀድለትም፤ መቆየት አለበት። ቀድሞ የገባው ግን አዲሱን በአንድ ጊዜ ሊያባርረው ይችላል። ይኸውም «ሴቲንግ» ውስጥ ገብቶ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍቶ፣ የማያውቀውን መሣሪያ መርጦ ማስወጣት ነው። እንግዲህ እኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሰው ሎከር ስንበረብር፣ ሌባውን የሚያባርረው ቁልፍ በተሰረቀው ልጅ ኪስ ውስጥ ነበር። ከስድስታችን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። በሕንፃው ውስጥ ያውቅ የነበረው አንድ ሰው ነው፤ እሱንም ወንበዴ ብለን ግድግዳ አስደግፈነው ነበር። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይህን የመሰለውን ሥራ ነው።

ይህ ነገር በእኛ ሕንፃ ብቻ የሚቀር አይደለም። ስለዚህ ሁላችንም ልናውቃቸው የሚገቡንን ጥቂት እውነቶች ላስቀምጥ። አዲስ ነገር አይደሉም፤ ሆኖም በዚያች ሌሊት ብናውቃቸው ኖሮ አንድ ደመወዝና አንድ ወዳጅ ባላጣን ነበር።

አንደኛው እውነት፣ ሃከር ማለት ሌባ ማለት አይደለም። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ የባቡር ሞዴል ይሠሩ በነበሩ ተማሪዎች መካከል ሲነገር፣ አንድን መሣሪያ ፈታቶ፣ አሠራሩን መርምሮ፣ ባልታሰበ መንገድ የሚያሠራ ብልኅ ሰው ማለት ነበር። ብልኃቱ ግን እንደ ቢላዋ ነው፤ ሽንኩርትም ይከትፋል፣ ሰውም ይወጋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ የለቀቀው ፕሮግራም በሺሕ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችን ሽባ አደረገ። ፍርድ ቤትም የሦስት ዓመት የአመክሮ ጊዜ፣ 400 ሰዓት የማኅበራዊ አገልግሎትና የገንዘብ ቅጣት ፈረደበት። ያው ሰው በኋላ በዚያው በማሳቹሴትሱ ተቋም ፕሮፌሰር ሆነ።

ሌላም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ገደማ ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ በብሪታንያ ሐኪም ቤቶች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰው ነበር። ስርጭቱን የገታው ማርከስ ሃቺንስ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት ነው። ቫይረሱ አንድን የኢንተርኔት አድራሻ እንደሚፈልግ አይቶ፣ አድራሻውን ከ11 ዶላር ባነሰ ዋጋ በስሙ አስመዘገበው፤ ቫይረሱም መስፋፋቱን አቆመ። ሆኖም ይኸው ወጣት በልጅነቱ የባንክ መስረቂያ ፕሮግራም ጽፎ ነበርና እ.ኤ.አ. በ2019 ጥፋቱን አምኖ፣ ዳኛው በጎ ሥራውን አመዛዝነው በነፃ ባይሆንም ያለ ተጨማሪ እስራት አሰናበቱት። እንግዲህ ሰውን የሚያስጠይቀው ዕውቀቱ ሳይሆን ሥራው ነው። «ኮምፒዩተር ያውቃል፣ ስለዚህ እሱ ሰርቋል» ማለት፣ «መድኃኒት ያውቃል፣ ስለዚህ እሱ መርዟል» ብሎ ባለ እጁን ከአገር እንደ ማሳደድ ነው። ድሮ ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያልን ማረሻውን ግን ስንገዛው የኖርን ሕዝብ፣ ይህን ልማዳችንን ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዘነው መግባታችን ነው የሚያሳዝነው።

ሁለተኛው እውነት፣ ሌባ ከማሽኑ ይልቅ በሰው በኩል መግባት ይቀለዋል። በዘመኑ ስሙ የገነነው አሜሪካዊው ኬቪን ሚትኒክ እስራቱን ጨርሶ እ.ኤ.አ. በ2000 በአገሩ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ የተናገረው ዋና ነገር ይኸው ነው፤ ብዙ ጊዜ የይለፍ ቃል ለማግኘት ማሽን መስበር አላስፈለገውም፣ በስልክ ደውሎ፣ ሌላ ሰው መስሎ፣ ሰዎቹን መጠየቅ ይበቃው ነበር።

ለዚህ ከራሳችን አገር የበለጠ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በአሜሪካው ሲቲባንክ ካለው ሒሳብ ከ27 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ በ24 ጊዜ ዝውውር ወጣ። በኒው ዮርክ የቀረበው ክስ እንደሚለው፣ አጭበርባሪዎቹ የኮምፒዩተር ግንብ አላፈረሱም። የብሔራዊ ባንኩን ሹማምንት ፊርማ የሚመስል ፊርማ ያለበት ሰነድ አዘጋጁ፤ በፋክስ የሚመጣ ትእዛዝ እንዲፈጸም የሚያዝዝ ነው። ከሰነዱም ጋር ትእዛዙን ለማረጋገጥ የሚደወልባቸውን የስልክ ቁጥሮች ላኩ። ባንኩ በተሰጡት ቁጥሮች ደወለ፤ ስልኩን ያነሡት ራሳቸው ሌቦቹ ነበሩ። እነሱም «አዎ፣ ትእዛዙ የእኛ ነው» አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቁም። በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት ባንኮች አንዱ የተሳሳተው፣ የእኛ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የተሳሳተውን ስሕተት ነው። ሁለቱም ማረጋገጫውን ከጠያቂው እጅ ተቀበሉ። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ በአንድ በር የመጣን ጥያቄ በሌላ በር አረጋግጥ። ጓደኛህ በቴሌግራም ኮድ ወይም ብር ቢጠይቅህ፣ ቀድሞ በምታውቀው ስልኩ ደውልለት፤ ወይም ክፍሉ ሂድና አንኳኳ፣ ሁለት ፎቅ ነው። «ከባንክ ነው የምደውለው» የሚል ቢመጣ ስልኩን ዝጋና ባንኩ ራሱ በሚያስታውቀው ቁጥር ደውል። ወደ ስልክህ የሚመጣ ኮድ ደግሞ ለማንም አይሰጥም፤ ለጓደኛም፣ ለባንክ ሠራተኛም፣ ለፖሊስም አይሰጥም። ኮድ በስሕተት ወደ ሌላ ሰው ስልክ ሄደ የሚባለው ታሪክ ሁሉ ውሸት ነው ብለህ ብትነሣ የምትጎዳበት ቀን አይኖርም።

ሦስተኛው እውነት፣ አብዛኛው በር ተሰብሮ ሳይሆን ክፍት ተትቶ ነው ሌባ የሚገባበት። ከላይ ያነሣሁት ዋናክራይ የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት በመጋቢት፣ ማለትም ጥፋቱ ከመድረሱ ከሁለት ወር በፊት፣ የሚደፍን ማስተካከያ አውጥቶለት ነበር። የተጎዱት ማስተካከያውን ያልጫኑት ናቸው። እኛስ? ስልካችን «አፕዴት» ሲለን «ዳታዬን ይበላብኛል» ብለን እናልፈዋለን። ላፕቶፓችን ላይ የተጫነው ብዙ ጊዜ «ክራክ» የተደረገ ፕሮግራም ነው፤ ማን ክራክ እንዳደረገው፣ ምን እንደ ጨመረበት የሚያውቅ የለም። ድኅነታችን እውነት ነው፣ አልክደውም። ነገር ግን ዳታ ለመቆጠብ የሚተወው አፕዴት፣ በግቢው ዋይፋይ በሌሊት ሊወርድ የሚችል ነው፤ በነፃ የሚገኙ ትክክለኛ ፕሮግራሞችም አሉ።

የፎቶ ኮፒ ቤቱንም ነገር ላንሣ። ከግቢው በር ፊት ለፊት ባሉት ቤቶች የቤት ሥራ ለማሳተም ሁላችንም እንሰለፋለን። ፍላሻችንን በመቶ ሰው ፍላሽ በተነካካ ኮምፒዩተር ላይ እንሰካለን፤ ይዞት የሚመለሰውን ቫይረስ ለዶርማችን እናካፍላለን። ከዚህ የሚብሰው፣ ፋይሉን ለማውረድ በዚያው ኮምፒዩተር ቴሌግራማችንን ከፍተን፣ ወረቀታችንን ይዘን፣ ሳንዘጋው የምንሄደው ነው። ከኋላችን የሚቀመጠው ሰው ሃከር መሆን አያስፈልገውም፤ ማንበብ መቻል ብቻ ይበቃዋል።

የሚስጥር ቁጥራችንም እንዲሁ ነው። አራት አኃዝ ያለው ቁጥር 10,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል። እኛ ግን የልደት ዓመታችንን እናደርገዋለን። በዚህ ግቢ ያለው ተማሪ አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ልዩነት የተወለደ ነውና፣ የሚያውቀን ሰው ከ10,000 ቁጥር የሚሞክረው ስድስት ወይም ሰባቱን ብቻ ነው። ለይለፍ ቃልም ቢሆን ርዝመት ከውስብስብነት ይበልጣል። በላቲን ፊደል ከተጻፈ የስምንት ፊደል ቃል ይልቅ የአሥራ ሁለት ፊደል ቃል፣ በዘፈቀደ የተመረጠ ከሆነ፣ ለሚሞክረው ማሽን 456,976 ጊዜ ይከብዳል። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ቢገጣጠሙ ለባለቤቱ የማይረሱ፣ ለሌባው የማይገመቱ ይሆናሉ። ለአንዱ የሠራው ቃል ለሌላው አይደገም፤ አንዱ ቤት ሲዘረፍ ሁሉም ቤት እንዳይከፈት። በቴሌግራምና በኢሜይል ላይ ደግሞ ሁለተኛውን የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ማረጋገጫ ማብራት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የዚያ ልጅ አካውንት ይህ ቢኖረው፣ አምስቱን አኃዝ ቢሰጥም እንኳ ሌባው በሁለተኛው በር ላይ ይቀር ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

አራተኛው እውነት፣ «እኔ ድኻ ነኝ፣ ማን ይፈልገኛል» ማለት ራስን ማታለል ነው። ከእኛ የሚሰረቀው ገንዘባችን አይደለም፤ ስማችን ነው። እኅቱ ደመወዟን የላከችው ለሌባው አይደለም፣ ለወንድሟ ስም ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እያልን ያደግን ልጆች፣ ስማችንን የያዘውን ቁልፍ በየመንገዱ መጣላችን ይገርማል። ደግሞም ፈላጊው ተራ ሌባ ብቻ አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2017 ባወጣቸው ጥናቶች፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና የተቃውሞ ወገኖች በዚያ ዘመን የስለላ ፕሮግራም በኢሜይልና በፋይል እንዴት ይላክባቸው እንደ ነበር ዘርዝሯል። አንዳንዱ «ቪዲዮውን ለማየት ይህን አፕዴት ጫን» የሚል ወጥመድ ነበር። ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱን ይሸጥ የነበረው የጣልያኑ ሃኪንግ ቲም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ራሱ ተሰርቆ፣ 400 ጊጋባይት ምስጢሩ ለዓለም ተበተነ። እንግዲህ አፕዴት ከስልኩ ከራሱ እንጂ ከማያውቁት ማስፈንጠሪያ አይወሰድም። ሰውን ሲሰልል የሚኖርም ከመሰለል አያመልጥም።

እዚህ ላይ አንዳንዶች «ይህ ሁሉ የባንኩ፣ የቴሌው፣ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ተማሪውን ለምን ትወቅሳለህ» ይሉ ይሆናል። በከፊል እውነት አላቸው። ባንክ የደንበኛውን ገንዘብ መጠበቅ፣ ፖሊስም አቤቱታውን መቀበል አለበት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው መረጃችንን የሚይዙት ሁሉ ኃላፊነት እንዲኖርባቸው ነው፤ ይህንንም መጠየቅ መብታችን ነው። ነገር ግን ሕግ የሚመጣው ከሌባው በኋላ ነው። ደግሞም ሕጉን ካነሣን ሙሉውን እናንሣው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን በራሱ ወንጀል ያደርገዋል። በዚያች ሌሊት በሕንፃችን ውስጥ የሰውን ስልክ ያለ ፈቃዱ የከፈቱ ሰዎች ነበሩ። እነሱም ስድስታችን ነን።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሆነውንም አንርሳ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት አንድ ሌሊት ተበላሽቶ፣ ሰው በሒሳቡ ከሌለው በላይ ሲያወጣ አደረ። ባንኩ ከውጭ የተሠነዘረ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ አስታወቀ፤ የወጣውም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደ ሆነ ተናገረ። ከኤቲኤሙ ፊት ከተሰለፉት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። አብዛኛው ገንዘብ ተመልሷል፤ ያልመለሱትም ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በየቅርንጫፉ ተለጥፎ አይተናል። በዚያች ሌሊት ሃከር አልነበረም። የተበላሸ ማሽንና የተፈተነ ሰው ብቻ ነበሩ። የራሳችንን ወገን እንዲህ ካየን በኋላ፣ ወንጀል ሁሉ በሌሊት ኮምፒዩተር ከሚከፍት አንድ ልጅ ራስ ላይ የሚወጣ መስሎ መታየቱ ምን ይባላል?

ስለዚህ ለኅብረታችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ አዲስ ገቢ ተማሪዎች በሚቀበሉበት ሳምንት አንድ ማታ ለዚህ ጉዳይ ይሰጥ፤ ንግግር ሳይሆን ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ሁለተኛውን ማረጋገጫ አብርቶ የሚወጣበት ማታ ይሁን። አስተማሪዎቹም የራሳችን የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ይሁኑ። ሁለተኛ፣ በየሕንፃው የተሰረቀ ሰው ቶሎ የሚሄድበት አንድ የሚያውቅ ተማሪ ይመደብ፤ ከመጮኽ በፊት ሌባውን ከአካውንቱ ማስወጣት፣ ለዘመድ መንገር፣ ለባንኩ መደወል ይቅደም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን። ሦስተኛ፣ የማንም ተማሪ ስልክና ሎከር በጩኸት ብዛት እንዳይፈተሽ ኅብረቱ ደንብ ያውጣ። ጥርጣሬ ያለው ለፕሮክተሩና ለሕግ ይናገር።

የእኅትየዋ ገንዘብ አልተመለሰም። በሕንፃው ያለን ተማሪዎች ከየኪሳችን እያዋጣን ነው፤ ገና ግማሽ አልሞላም። ሌላው ዕዳ ግን በመዋጮ አይከፈልም። ሦስተኛ ፎቅ የነበርከው ወንድማችን፣ አሁን ያለህበትን ክፍል አውቀዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ በርህ ድረስ መጥቼ ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ። ሳንፈቀድ ስልክህን ያነበብነው በስድስት ሰዎች ፊት ነውና፣ ይቅርታውም በአንተና በእኔ መካከል ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባም። ሁሉም በሚያነበው ገጽ ላይ በድለንሃል እላለሁ። ነገ ማታ ደግሞ መጥቼ አንኳኳለሁ፤ መክፈትና አለመክፈት የአንተ ፈንታ ነው።